ለምስክርነት ወደ ሳን ሆዜ

ስለ አሜሪካ የሚጽፉ ሰዎች ከድልድይና ከፎቅ ይጀምራሉ። እኔ ታላቁን ድልድይ ያየሁት ከመኪና መስኮት ነው፤ ያውም ጭጋግ ግማሹን ውጦት። ኦክላንድና ሳን ሆዜ የሄድኩት ለጉብኝት ሳይሆን ለምስክርነት ተጠርቼ ስለሆነ የሕንጻ ወሬ የሚጠብቅ አንባቢ ይቅርታ ያድርግልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በወጣትነቴ በሶቭየት ኅብረት፣ በሞልዶቫ ዋና ከተማ የወይን ጠጅ ጠመቃ ተምሬአለሁ። ያኔ ኪሺነቭ እንላት ነበር፤ ዛሬ ቺሺናው ትባላለች። ዶርም ውስጥ ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ አሰፋ፣ የአገሬው ልጅ ደግሞ ኢዮን። ስንመረቅ አሰፋ በበርሊን በኩል ሾልኮ አሜሪካ ገባ። ኢዮንም አገሩ ከሶቭየት ተገንጥላ ሥራም ዳቦም በጠፋ ጊዜ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ተከተለው። አገሩ የተመለሰው ጌታሁን ብቻ ነው፤ እኔ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ዝዋይ ውስጥ ወይን ስገርዝና ስጠምቅ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ።

ታዲያ ኢዮን ደወለልኝ። ልጁ ዶይና የኮምፒውተር ሥራዋን ለቃ ወደ ሞልዶቫ ልትመለስ ነው። አገሪቱ የአውሮፓ ኅብረት አባል ለመሆን ሕጓን፣ ፍርድ ቤቷንና ጉምሩኳን እያስተካከለች ነው። ኅብረቱ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ደግሞ እያንዳንዱ የወይን ማሳ የት እንዳለና የማን እንደሆነ በወጉ እንዲመዘገብ ነው፤ ዶይና የተጠራችው ለዚሁ ሥራ ነው። "ልጄን ከዚያ ያወጣኋት በጥርሴ ይዤ ነው" አለኝ ኢዮን በዛገው ራሽያኛችን። "እናቷ ከሞተች ወዲህ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ከሦስታችን የተመለስከው አንተ ነህ። መጥተህ መመለስ ምን እንደሆነ ንገራት። እኔን አትሰማም።" ቲኬቱን እሱና አሰፋ ቆረጡልኝ።

ምን እንደምነግራት ግን አላውቅም ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ "አገሬን ላገለግል ተመለስኩ" ስል ነው የኖርኩት። በጡረታ ሽኝቴ ላይ ሥራ አስኪያጁ ይህንኑ ተናግሮ ተጨብጭቦልኛል። እውነቱ ግን ባቡር አምልጦኝ ነው። ከአሰፋ ጋር ልንጠፋ ተስማምተን፣ ባቡሩ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው ተባብለን፣ ሻንጣዬን ይዤ ጣቢያ ስደርስ የበርሊኑ ባቡር ከሄደ ቆይቷል። በማግስቱ የአሰፋ መጥፋት ተሰማና የቀረነው ሁሉ ፓስፖርታችን ተሰበሰበ። ሰዓቱን በቅጡ ያልሰማሁት እኔው ነኝ ብዬ፣ ለሚስቴ እንኳ ትንፍሽ ሳልል ኖርኩ።

ሰኞ

ከዝዋይ በሌሊቱ ሚኒባስ ተነሣሁ። ዕቃዬ አንድ ሻንጣ ነው፤ ከልብሱ ሥር ለኢዮን ያዘጋጀሁትን ስምንት የወይን ቁርጥ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ አስቀምጫለሁ። ወይን አብቃይ ወይን አብቃይን ለመጠየቅ ባዶ እጁን አይሄድም። ሞጆ ላይ ጎማ ፈነዳብን፤ ሾፌሩ ሲቀይር እኔ አጠገቡ ቆሜ ሰዓቴን ሳይ "አባባ፣ ሰዓቱን ሲያዩት ጎማው ይነፋል እንዴ?" አለኝ። ደረስኩ፤ በረራው ሊነሣ አራት ሰዓት ሲቀረው።

አውሮፕላን ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ። ለዶይና የምናገረውን በልቤ እጀምራለሁ፤ "ልጄ፣ እኔ በተመለስኩ ጊዜ..." ስል እዚያው ይቆምብኛል። ተነሥቼ በመተላለፊያው እመላለሳለሁ። አስተናጋጇ ሦስተኛ ጊዜ ስታየኝ "አባቴ፣ አሞዎታል?" ብላ ውኃ ሰጠችኝ።

ማክሰኞ

በሳን ፍራንሲስኮ ጉምሩክ ወጣቱ ሠራተኛ ሻንጣዬን ከፍቶ ጆንያውን በሁለት ጣቱ አነሣው። ተክል መሆኑን ስነግረው ፊቱ ላይ ሐዘን አየሁ። የተክል በሽታ ስለሚፈሩ ያለ ፈቃድ አይገባም አለኝ። በሽታ የለበትም፣ በእጄ ነው ያሳደግኩት ብዬ ተከራከርኩ። ጓንት አድርጎ ወሰደው፤ በርበሬና ሽሮዬን ግን በአክብሮት መለሰልኝ። እኛ አገር ኬላ ላይ ቢሆን ተጯጩኸን አንዱ ወገን ይሸነፍ ነበር። እዚህ ጩኸት የለም፤ ስምንቱ የወይን ቁርጦቼ ግን ቀሩ።

አሰፋ በር ላይ ቆሟል። በስልክ ፎቶ ሳየው የነበረው ሰው ከፎቶው ይልቅ ያጠረ መሰለኝ። ተቃቅፈን ብዙ ቆየን። "መኪናው አጭር ፓርኪንግ ላይ ነው፣ ቶሎ ቶሎ!" አለና አሯሯጠኝ።

ቤቱ ኦክላንድ ውስጥ ከቴሌግራፍ አቬኑ ገባ ብሎ ነው። ኤመሪቪል በሚገኝ ላቦራቶሪ ኬሚስት ሆኖ ኖሮ እሱም ጡረታ ወጥቷል። ሚስቱ ሰናይት አስመራ ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች፣ አማርኛዋ ከእኔ የሚጠራ ሴት ናት። እኩያዬ ሆና "እርስዎ" ትለኛለች።

"ይብሉ እንጂ አቶ ጌታሁን! ፕሌን ላይ ምን ሰጥተውዎት ነው?"

"አንተ በይኝ ሰናይት፣ አታስረጂኝ።"

"እንግዳ ነዎት። ሲሄዱ አንተ እልዎታለሁ" አለችና ሳህኔን ሞላችው።

ረቡዕ

አሰፋ ቴሌግራፍን በእግር አሳየኝ። የአበሻ ምግብ ቤቱ ብዛት የሻሸመኔን አውራ ጎዳና ያስንቃል። አንዱ ካፌ ውስጥ የተቀመጡት ጡረተኞች የዓለምን ጉዳይ አንድ በአንድ እያነሡ ይፈርዳሉ። ሞልዶቫ የተማርኩ መሆኔን ሲሰሙ "እነዚያ አገሮች አውሮፓ ኅብረት ገብተው ምን ያተርፋሉ?" አሉና ሳልመልስ እርስ በርስ ተያያዙ።

አሰፋ ቀኑን ሙሉ ይንከባከበኛል፤ ኮሌታዬን ሳይቀር ያስተካክልልኛል። ከሰዓት በኋላ ሻይ ይዘን እንደተቀመጥን "ያን ዕለት ጣቢያው..." ብሎ ጀመረና ሌላ ሻይ አዘዘ። እኔም አልጎተጎትኩትም፤ የማላነሣው የራሴ ነገር ነበረብኝና።

ሐሙስ

ወደ ኢዮን የምንሄደው ዓርብ ነው ተባለ። እኔ ግን መጠበቅ አልቻልኩም። ልጅቱን ብቻዋን ባገኛት የምለው ይገለጥልኛል ብዬ ጠዋት ቤተሰቡ ሳይነሣ ወጥቼ የከተማውን ባቡር ተሳፈርኩ። ሳን ሆዜ ይሄዳል ያልኩት ባቡር ኮረብታ ሰንጥቆ ኮንኮርድ የምትባል ከተማ አወረደኝ፤ ፍጹም ተቃራኒው አቅጣጫ። ባቡርና እኔ መቼም አልተፋቀርንም።

አሰፋ ሊወስደኝ ሲመጣ ሰናይት ከጎኑ ነበረች። "ኮል አታደርግም ነበር?" ብሎ ተቆጣ። "ሳን ሆዜ እኮ ሳውዝ ነው፣ አንተ ኖርዝ ኢስት መጥተሃል!"

ሰናይት ሙዝና ቂጣ አቀበለችኝ። "ተወው፣ አገር ማየቱ ነው" አለች። "ግን ምን አስቸኮለዎት አቶ ጌታሁን?"

ቂጣዬን በላሁ።

ዓርብ

የኢዮን ቤት ሳን ሆዜ፣ ሁሉም ቤቶች በሚመሳሰሉበት ሰፈር ነው። ከጓሮው ሦስት ረድፍ ወይን ተክሏል። ከሰላምታ በፊት ወደዚያ ወሰደኝ፤ አገራረዙን ዓይቼ "ብዙ አስረዝመሃል" አልኩት፤ "አሁንም አፍህ አልተሻሻለም" አለኝ። የወይን ቁርጦቼን ታሪክ ስነግረው እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

ቤት ውስጥ ግን ሳቅ የለም። አባትና ልጅ ከተኳረፉ ወር አልፏቸዋል። የሚነጋገሩት ማቀዝቀዣው በር ላይ በሚለጠፍ ወረቀት ነው። "ወተት አልቋል" ይላል የእሱ ጽሕፈት። "ገዝቻለሁ" ይላል የእሷ። ከሁሉም በላይ አንድ ሰፋ ያለ ወረቀት አለ፤ "በረራዬ እሁድ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት።" ከሥሩ መልስ የለም።

ዶይና የሠላሳ አምስት ዓመት ግድም ሴት ናት፤ የአባቷ ቅንድብ አላት። "አንክል፣ እኔን እንዲያስቀሩ እንደመጡ አውቃለሁ" አለችኝ ገና ስትጨብጠኝ፣ እንግሊዝኛ በተቀላቀለ ራሽያኛ።

ኢዮን እንደኛው ኦርቶዶክስ ነውና ዓርብን ይጾማል። ማማሊጋ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎ ከባቄላ ጋር አቀረበ። ገንፎው እንደኛው ነው፤ ቅቤና በርበሬ የሚገባበት ጉድጓድ ብቻ የለውም። በጣቴ ጉድጓድ ሠርቼ ባቄላውን ሳፈስበት ዶይና ዓይታ እንደኔ አደረገች። ኢዮን ዓይኑን ከሳህኑ አላነሣም። ማታ አሰፋ ወደ ኦክላንድ ሲመለስ እኔ እዚያው አደርኩ።

ቅዳሜ

ከቀትር በኋላ አሰፋና ሰናይት መጡ። ኢዮን ጋራዡን ከፍቶ ወንበር ደረደረ፤ በርሜሎቹ እዚያ ናቸው። ከራሱ ወይን ቀዳልን። አፍንጫዬን አስገብቼ "ትንሽ ኮምጥጧል" አልኩ፣ ልማድ ሆኖብኝ።

ወሬው ወደ ዶይና ሥራ ሄደ። ኅብረቱ አገሪቱን እንዴት እንደሚመረምር አስረዳችን። ሕጉ በምዕራፍ በምዕራፍ ተከፍሏል። የአገሪቱ ሰዎች በየምዕራፉ ይቀርባሉ፤ ይህን አሟልተናል፣ ይህን አላሟላንም፣ ይህን ያላሟላነው በራሳችን ድክመት ነው ብለው ይናገራሉ፤ ከዚያ መርማሪዎቹ ይጠይቃሉ።

ሦስታችን ሽማግሌዎች ተያየን።

"ሂስና ግለ ሂስ!" አልን እኔና አሰፋ በአንድ አፍ። ኢዮንም በራሽያኛ ያንኑ አለ።

የደርግ ዘመን ተማሪ የነበረ ያውቀዋል። ኪሺነቭ ሳለን በየቅዳሜው እንሰበሰብ ነበር። እያንዳንዱ ተነሥቶ ራሱን ይወቅሳል፤ ቀጥሎ ሌሎቹ ይወቅሱታል። በሠራው የሚወቀስ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ቀላል ጥፋት አዘጋጅቶ ይመጣል። እኔ "የማርክሲዝም መጽሐፍ ላይ ድስት አስቀምጫለሁ" ብዬ ሦስት ዓመት ተወቅሻለሁ።

ኢዮን ሰብሳቢ ሆነና ብርጭቆውን በማንኪያ መታ። "ምዕራፍ አንድ፣ መመለስ። ጓድ ጌታሁን ይነሣ። ለልጄ ይናገር። እውነቱን ብቻ።"

ተነሣሁ። ለአንድ ሳምንት ያዘጋጀሁት ንግግር ብን ብሎ ጠፋ። ዶይና ባልዲ ገልብጣ ተቀምጣ ታየኛለች። "አገሬን ላገለግል አልተመለስኩም" አልኩ። "ልጠፋ ነበር። ሻንጣዬ ታስሮ ነበር። የባቡሩን ሰዓት በቅጡ ባለመስማቴ አመለጠኝ። ይህን ሰውሬ ጭብጨባ ተቀብያለሁ። ግለ ሂሴ ይሄ ነው።" ተቀመጥኩ።

ኢዮን ወደ ልጁ ዞረ፤ ከወር በኋላ የመጀመሪያውን ቃል ሊናገራት ይመስል ነበር። ግን አሰፋ ተነሣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ይሄን በአማርኛ ልናገረው" አለ። "ጌታሁን፣ ሰዓቱን በደንብ ሰምተሃል። ሦስት ሰዓት ነው ያልኩህ። ባቡሩ ሁለት ሰዓት ነበር። አውቄ ነው።"

ሰናይት ብርጭቆዋን መሬት ላይ አስቀመጠች።

"ሁለት ሆነን ከሄድን ይነቃብናል ብዬ ፈራሁ። አንተ ደግሞ መቀመጥ አታውቅም፣ ኬላው ላይ ታስበላናለህ አልኩ። ግን ቀድመህ ጣቢያ መጥተህ ብታየኝስ ብዬ የፉርጎውን መጋረጃ ዘጋሁት። እስከ ዛሬ ልነግርህ አልቻልኩም። አይ አም ሶሪ፣ ወንድሜ።"

ከጋራዡ ወጥቼ መንገዱን ይዤ ሄድኩ። በዚያ ሰፈር ሰው በእግሩ አይሄድም፤ መኪኖች ቀስ እያሉ ያዩኛል። የራሴ ስሕተት ነው ብዬ የተሸከምኩት ነገር የሌላ ሰው ሥራ ነበር። እንዳሳነሰኝ ነው የተሰማኝ፤ እንደ ዕቃ ጣቢያ ላይ የተተውኩ። አንዱን አጥር በቡጢ መታሁና እጄ አበጠ።

ዶይና ተከትላኝ መጥታለች። አማርኛውን ሰናይት ተርጉማላታለች። ጥቂት ከሄድን በኋላ "ባቡሩ ቢጠብቅዎት ይሳፈሩ ነበር?" አለች።

"እሳፈር ነበር።"

"ተመልሰው በኖሩት ይቆጫሉ?"

"በኖርኩት አይደለም። ዝዋይ ወይኑን አለቆቼ ሁለት ጊዜ ነቅለውብኝ ሁለት ጊዜ ተክያለሁ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይሻል ነበር። የሚያንገበግበኝ ማንም ያልጠየቀኝ መሆኑ ነው። መሄዱንም መቅረቱንም ሌላ ሰው ቆረጠልኝ።"

ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። ቲኬቷ ነው። በረራዋ እሁድ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነው፤ ማቀዝቀዣው ላይ የጻፈችው የምሽቱ አንድ ሰዓት ውሸት ነው። እሁድ ጠዋት አባቷ ቤተ ክርስቲያን ሳለ ልትወጣ አስባለች። "ፊት ለፊት ከቆመ አልችልም፤ እቀራለሁ" አለች። "እባክዎ አንክል፣ አይንገሩት።"

"እሺ" አልኳት። ቃሌ ነው።

እሁድ

ጠዋት ከኢዮን ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ዜማቸው ከእኛ ሌላ ነው፤ ከበሮና ጸናጽል የለም፤ ሰው ግን እንደኛው ቆሞ ያስቀድሳል። እኔ መቆም አልቻልኩም። አንድ እግሬን አሳርፋለሁ፣ ሌላውን አነሣለሁ። ሰዓቴን አያለሁ፤ አራት ተኩል። አምስት ሰዓት። ወንጌሉ ተነበበ። አጠገቤ ኢዮን ዓይኑን ጨፍኗል፤ ማታ ወጥቶ ሊሸኛት ሸሚዝ ተኩሶ ወንበር ላይ ማንጠልጠሉን ጠዋት አይቻለሁ። ያን ሸሚዝ ሳስታውስ የአሰፋ መጋረጃ ትዝ አለኝ።

እጅጌውን ያዝኩት። "ኢዮን፣ በረራዋ ሰባት ሰዓት ነው። አሁን እየወጣች ነው።"

አፍጦ አየኝ።

"ቃል አስገብታኝ ነበር። ውጣ!"

ቅዳሴ ሳያልቅ መውጣት በእኛም በእነሱም ነውር ነው። አሮጊቶቹ እየገላመጡን እግሬ አውጪኝ አልን። ፍሪዌዩ ላይ ኢዮን መንዳቱን ለመኪናው ትቶ እሱ የሚጸልይ ይመስል ነበር። ድንገት "እስክሪብቶ አለህ? ጻፍ" አለኝ። ቤተ ክርስቲያን ስንገባ የታደለንን ወረቀት ገልብጬ እንደ ጸሐፊ ተቀመጥኩ። በራሽያኛ ያስጽፈኛል፤ "ከጉድጓዱ በስተምሥራቅ። ከዋልነት ዛፉ ጀምሮ አሥራ አንድ ረድፍ። በሰሜን የመምህሩ መሬት፣ በደቡብ ጅረቱ።" ምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ብቻ ጻፍኩ።

አየር ማረፊያው ውስጥ ተሳስተን የአገር ውስጥ መንገደኛ በር ገባን። ኢዮን ጉልበቱን ይዞ እያነከሰ፣ እኔ ባበጠ እጄ እየገፋሁት ስንሮጥ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ በትክክለኛው በር አወጣን። ዶይና የፍተሻው ሰልፍ ላይ ነበረች። መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው።

"ቃል ገብተውልኝ ነበር!"

"ገብቼ ነበር" አልኳት።

ኢዮን ፊቷ ቆመ። ትቀራለች ብዬ ፈራሁ፤ እሷም የፈራችው ያንን ነው። ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ ሰጣት። "የአያትሽ ማሳ ነው" አለ በአገራቸው ቋንቋ፤ ያን ያህል እሰማለሁ። "የጋራ እርሻው፣ ኮልኮዙ፣ ወሰደው፣ ሲመልሱት ወረቀት አልሰጡም። ዛሬ የማን እንደሆነ አላውቅም። ሥራ ስትጀምሪ በትክክል መዝግቢው፤ የማንም ይሁን።" ከዚያ አቀፋት። ሰልፉ በዙሪያቸው አለፈ፤ ማንም አልገፋቸውም። እሷ አልቀረችም። እሱም ቅሪ አላላትም።

ማክሰኞ

ኢዮን እሁድ ማታ ኦክላንድ አድርሶኝ ነበር። ሰኞን ሙሉ ከአሰፋ ጋር አንድ ቤት ውስጥ ሳንነጋገር ዋልን። ሰናይት ለሁለታችን በየሳህኑ ማቅረብ ትታ አንድ ትሪ ብቻ አቀረበች። "ሌላው ዕቃ አልታጠበም" አለች፤ ቁም ሣጥኑ በሳህን ተሞልቶ ይታየኛል። ከአንድ ትሪ በላን። ማታ ላይ አሰፋ ሥጋውን ወደ እኔ ወገን ገፋልኝ፤ እኔም በላሁት።

ማክሰኞ ጠዋት ሻንጣዬ በሩ ላይ ነው። ሰናይት ስትሰናበተኝ "ደህና ግባ" አለችኝ፤ ቃሏን ጠብቃ በ"አንተ"። አሰፋ የመኪናውን ቁልፍ ይዞ ቆሟል፤ አንገቱን ደፍቷል።

"ፍላይትህ ዘጠኝ ሰዓት ነው" አለኝ። "ስድስት ሰዓት ብንወጣ እንደርሳለን።"

እጄ ቲኬቱ ወዳለበት የደረት ኪሴ ሄደ። አሰፋ ዓይኑን ከእጄ አላነሣም። ሳላወጣው እጄን መለስኩ።

"እንግዲያው ጊዜ አለን" አልኩትና ተቀመጥኩ።